የመጀመሪያው ሊትር

ግንቦት 2፣ ማክሰኞ

መጽሔቱ ዛሬ ደረሰ። ዘበኛው በር ላይ አስቁሞኝ እንኳን ደስ ያለሽ፣ የምርምር ቤታችን በዓለም ታወቀ አሉ አለኝ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ፤ በአርባ ስድስት ዓመቴ።

ጽሑፉ ስድስት ገጽ ነው። ከቃጠሎ ቁስል ላይ ጀርም ስለሚገድለው የናኖ ብር ፋሻ ያወራል። ከርዕሱ ሥር አራት ስም አለ። የመጀመሪያው የአለቃዬ ነው። ሁለተኛው ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ አብራን ያለችው የእህቱ ልጅ ነው። ሦስተኛውንና አራተኛውን ሰው አንድም ቀን ላቦራቶሪ ውስጥ አይቻቸው አላውቅም። የእኔን ፈለግኩ። የመጨረሻው ገጽ ግርጌ ላይ በደቃቅ ፊደል «የላቦራቶሪ ባልደረቦችን እናመሰግናለን» ይላል። ባልደረቦች። ላቦራቶሪው ውስጥ ከእኔ ሌላ ስሙ ያልወጣ ባልደረባ የለም።

አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጅቶብኛል። ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ብልቃጥ ሠርቼ ሁለት መቶ ሦስቱን ደፍቻለሁ። ያልተደፉት አሥራ አራቱ ናቸው እዚያ ስድስት ገጽ ላይ ያሉት።

አለቃዬን ከኋላው የምንጠራው «ፎቶ» ብለን ነው። ካሜራ ባለበት ሁሉ የፊተኛው ረድፍ መሃል ላይ ስለማይጠፋ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ገብቼ መጽሔቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አውልቆ፣ አንቺ እኮ የዚህ ቤት ምሰሶ ነሽ፣ ስም ማስገባት ግን ደንብ አለው፣ ዲግሪ ይጠይቃል አለኝ።

ምሰሶ። ሰው ኮቱን የሚሰቅልበት ነገር።

ግንቦት 3፣ ረቡዕ

ከዛሬ ጀምሮ ዕቃ ግምጃ ቤት ነኝ። ደብዳቤው «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። የላቦራቶሪውን ቁልፍ አስረክቢ ተባልኩ። ሁለት ቁልፍ ነበረኝ። አንዱን አስረከብኩ።

ግንቦት 5፣ ዓርብ

የእህቱ ልጅ ወደ ግምጃ ቤት ወረደች። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ የሚያበሽቀኝም እሱ ነው። እትዬ፣ አሠራሩን አንዴ በቃልሽ ብታስረጂኝ ብላ ለመነችኝ። ሁሉም የሥራው ደብተር ላይ አለ አልኳት። አልዋሸሁም። መጠኑ፣ ሙቀቱ፣ ደቂቃው፣ ሁሉም አለ።

የሌለው አንድ ነገር ነው።

ብር ማንኪያ ላይ ሲሆን ነጭ ነው። ያንኑ ማዕድን በአንድ የፀጉር ውፍረት ላይ በሺህ የሚቆጠር ቅንጣት እስኪደረደር ድረስ ካደቀቁትና ውሃ ውስጥ ካኖሩት ቢጫ ይሆናል፣ እንደ ስስ ማር። ምስክሩ ቀለሙ ነው። ቢጫ ከሆነ ቅንጣቶቹ ተለያይተው ቆመዋል፣ ይሠራሉ። ግራጫ ሆኖ ከደፈረሰ ተያይዘው ጓጉለዋል፣ ያ ውሃ ከእጣቢ አይሻልም። ለዚህ ሥራ ደግሞ እንደ ክሎሪን ያለ ጠላት የለም። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። ውሃውን አፍልተን በእንፋሎት የምናነጥርበት መሣሪያ ያጠራዋል፣ ግን የመጀመሪያው ሊትር ክሎሪኑን ይዞት ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሊትር እደፋለሁ። መሣሪያውን አበራለሁ፣ አንድ ሊትር እስኪሞላ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እደፋለሁ፣ ከዚያ ሥራዬን እጀምራለሁ።

ይህን ደብተሩ ላይ ጽፌው አላውቅም። ሰው ከመብላቱ በፊት እጁን መታጠቡን የት ይጽፋል? ያኔ ልደብቅ ብዬ አልተውኩትም። አሁን ግን እየደበቅኩ ነው። ለራሴ ልዋሽ አልችልም።

ሌላም ነገር አለ። በበጋ ክሎሪኑ ትንሽ ስለሆነ የመጀመሪያው ሊትር ባይደፋም ሥራው ብዙ ጊዜ ይሰምራል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ይደፈርሳል፣ የውሃ ሰዎቹም ክሎሪኑን እጥፍ ያደርጉታል። እኔ ይህን ያወቅኩት ባለፈው ክረምት አርባ ብልቃጥ ከደፋሁ በኋላ ነው። ልጅቷ ስትመጣ ዝናቡ አልፎ ነበር። ፎቶ ደግሞ በበጋም በክረምትም ብልቃጥ አይነካም።

ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ምንም ደመና የለም።

ግንቦት 9፣ ማክሰኞ

ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን ሠራች። ቢጫ ሆነላት። ኮሪደሩ ላይ ጭብጨባ ሰማሁ። ፎቶ እግረ መንገዱን ግምጃ ቤቱ በር ላይ ቆም ብሎ፣ አየሽ፣ እጅ ይለምዳል አለኝ።

እጠብቃለሁ። የቸኮልኩበት ነገር የለም።

ግንቦት 14፣ እሑድ

እህቴ መጣች። እናታችን ስትሞት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ፀጉሯን እየሠራሁ ትምህርት ቤት የላክኋት እኔ ነኝ። አሁን የቃጠሎ ክፍል ነርስ ናት። ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ላይ ተዘርራ፣ እታለም ወሬ አለኝ አለችኝ። ፋሻው ከሰኔ ጀምሮ እነሱ ክፍል ውስጥ በታማሚዎች ላይ ሊሞከር ነው። ለነርሶቹ ሁሉ የእህቴ ሥራ ነው እያለች አውርታለች። አንዷ ነርስ መጽሔቱን አይታ፣ የእህትሽ ስም የታል ብትላት፣ የእኔ እህት ስሟን አታስጽፍም፣ ሥራዋን ነው የምታስጽፈው ብላ እንደዘጋቻት እየሳቀች ነገረችኝ።

ሳቅኩላት። ግምጃ ቤት መዛወሬን አልነገርኳትም። ቀሚሷ ላይ የላላ ቁልፍ ነበረ፣ እሱን ሰፋሁላት።

በኋላ ሳስበው፣ ፋሻው የሚሄደው እሷ ክፍል ነው። ያኔ መናገር እችል ነበር። ግን ምን ብዬ? ገና የተበላሸ ነገር የለም።

ግንቦት 19፣ ዓርብ

ፎቶ በትልቁ አዳራሽ ንግግር አደረገ። የግምጃ ቤት ሠራተኛ ስለሆንኩ ማይክሮፎኑንና የውሃ ጠርሙሶቹን ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ከኋላ፣ መጋረጃው ሥር ቆሜ ሰማሁ።

ናኖቴክኖሎጂ ያመጣልናል ያለውን ሁሉ በተራ ዘረዘረ። ዕጢው ያለበትን ቦታ ብቻ ፈልጎ የሚደርስ፣ ጤነኛውን አካል የማይነካ መድኃኒት። የተበከለ ውሃ አንዴ ሲያልፍበት የሚያጠራ ወንፊት። ምግቡ ሲበላሽ ቀለሙን ቀይሮ የሚናገር መጠቅለያ ወረቀት። አጥንት ሲሰበር ቦታውን ይዞ የሚያድግ ንጣፍ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ነገሩ ሲያንስ ፊቱ ይበዛል። ፊቱ ሲበዛ ሥራው ይበዛል። ትንሽነት አቅም ነው» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ይህን ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ዓመት ብልቃጥ እያጠብኩ፣ አንድ እንጀራ ሳይቆረስና ተቆርሶ ሲፈተፈት ወጡን የሚነካው የትኛው ነው ብዬ አስረዳሁት። እንጀራውን ትቶ ቃሌን ወሰደ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ያለው ሁሉ እውነት መሆኑ ነው። ሁሉንም አምናለሁ። በእሱ አፍ ሲነገር እንኳ ልቤ ሞቅ አለ።

አንዲት ሴት ተነስታ ይህን በእጁ የሚሠራው ማነው ብላ ጠየቀች። በእጁ ወደ እህቱ ልጅ አመለከተ። ጣቱ ስታልፍ የመጋረጃው ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር።

ግንቦት 26፣ ዓርብ

ዘነበ።

ግንቦት 29፣ ሰኞ

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ቧንቧው የመዋኛ ገንዳ ይሸት ነበር። ፎጣውን ፊቴ ላይ እንደያዝኩ ፈገግ አልኩ። መስታወት ውስጥ ያንን ፈገግታ አየሁት። ደስ የሚል አልነበረም፣ ግን የእኔ ነው።

ሰኔ 3፣ ዓርብ

ልጅቷ ሁለት ጊዜ መጣች። ጠዋት የመጣችው ብልቃጦቹ በምን እንደሚታጠቡ ልትጠይቀኝ ነው። ነገርኳት። ከሰዓት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። አምስቱም ግራጫ ሆኑብኝ፣ እትዬ፣ ምን አጠፋሁ አለችኝ። ፋሻውን ሊያዩ የተጠሩት እንግዶች ማክሰኞ ነው የሚመጡት። አጎቷ አናግሯታል፤ እንዴት እንዳናገራት ከአንገቷ ያስታውቃል።

ደብተሩን ደግመሽ አንብቢው አልኳት።

አነበብኩት አለች። በቃሌ ይዤዋለሁ አለች።

እንግዲያው እኔም ከዚያ በላይ አላውቅም አልኳት። ስትሄድ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 7፣ ማክሰኞ

እንግዶቹ መጡ። ስምንት ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ብልቃጥ ተቀምጧል፣ ውስጡ ቢጫ ነው፣ ያማረ ቢጫ። ፎቶ መሃል ቆሞ ፎቶ ተነሳ።

እኔ ወንበር እያስተካከልኩ በአጠገቡ አለፍኩ። ደህና የተሠራ ብልቃጥ ወደ መስኮት ሲያዩት ጠርዙ ላይ አረንጓዴ የሚመስል ነገር ያሳያል። ይሄኛው አያሳይም። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አንድ ዓይነት ነው፣ እንደ ልጆች ሽሮፕ።

ምናልባት መብራቱ ይሆናል። ምናልባት ልጅቷ በራሷ መንገድ አግኝታው ይሆናል። እኔ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ወንበር ቆጠርኩ፣ ወጣሁ።

ሰኔ 8፣ ረቡዕ

በዚያ ውሃ የተነከረው ፋሻ ዛሬ ሆስፒታል ሄደ። ሃያ እሽግ። የማስወጫ ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ ዕቃ ያለ እኔ ፊርማ አይወጣም። ፊርማዬን የፈለጉት ለዚህ ብቻ ነው።

ሰኔ 9፣ ሐሙስ

በምሳ ሰዓት እህቴ ደወለች። ስለ ሌላ ነገር ነበር የደወለችው፣ የቤት ኪራይ ውል ስለማደስ። መሃል ላይ፣ በነገራችን ላይ ፋሻችሁ ቀለም ይለቃል እንዴ አለችኝ። አልጋ አራት ላይ ያለችው ሴት እጇን ሲያጥቡላት ውሃው ቢጫ ወጣ። እንደ ርካሽ ቀሚስ ነው የሚለቀው አለች።

ብር ውሃ ውስጥ አይለቅም። ፋሻው ላይ ይቀራል፣ ቢበዛ ይጠቁራል።

ሴትየዋ ማናት አልኳት። ልብስ ሰፊ ናት፣ ምድጃ ፈንድቶባት ሁለቱም እጇ ተቃጥሏል፣ ክፍሉን ሁሉ በሳቅ የምትገድል ናት አለችኝ።

አጣራለሁ አልኳት።

ሰኔ 10፣ ዓርብ

ከላቦራቶሪ ታጥበው የተመለሱትን ብልቃጦች ስረከብ ከሣጥኑ ሥር አንዲት የጣት ቁመት የማታክል ጠርሙስ አገኘሁ። የኬክ ቀለም፣ ቢጫ። ባዶ ናት። መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩባት።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ የኬክ ቀለም። የደፈረሰውን አጥልለው፣ የቀረውን ባዶ ውሃ ቀለም አጠጥተው፣ በዚያ ፋሻ ነክረው ለተቃጠለ ሰው ላኩ። ይህን የሚያህል ነገር ራሱ መጥቶ እጄ ላይ ይወድቃል ብዬ አልጠበቅኩም። እኔ የጠበቅኩት በእንግዶች ፊት እንዲያፍር ነበር። አሁን ግን የሚቀርለት ወንበር የለም።

ዛሬ ባመለክት ምን ይሉኛል? ተዛውራ የተናደደች፣ ቂም የያዘች ሴት ናት ይሉኛል። ጠርሙሷን ራሷ አምጥታ ነው ይላሉ። ስለዚህ ከጠርሙሷ ጋር ትክክለኛውን ብልቃጥ አጠገቡ ማስቀመጥ አለብኝ። እሱን መሥራት ደግሞ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀናት ይወስዳል። ዳይሬክተሯም ቅዳሜ አይገቡም። ሰኞ ይሻላል። ሰኞ ሁሉም ይኖራሉ፤ ፎቶም ይኖራል፣ ፊቱን ማየት እፈልጋለሁ።

ሰኔ 11፣ ቅዳሜ

ልብስ አጠብኩ። የምናገረውን አሰናዳሁ። አራት ጊዜ አስተካከልኩት። «ክቡራን» የሚለውን አወጣሁ፣ መለስኩ፣ አወጣሁ።

እህቴ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ ከወረቀቱ አጠገብ።

ሰኔ 12፣ እሑድ

መልእክት ላከችልኝ። «ዛሬ መምጣት አልችልም። አልጋ አራት ትኩሳቷ ወጥቷል፣ እጇ መሽተት ጀምሯል። ሐኪሙ ስለ ጣቶቿ እያወራ ነው። ልብስ ሰፊ ናት አልኩሽ አይደል።»

ነገ ማለዳ።

ሰኔ 13፣ ሰኞ

ዘበኛው ገና በሩን ሲከፍት ደረስኩ። በሁለተኛው ቁልፌ ላቦራቶሪ ገባሁ። መሣሪያውን አበራሁ፣ የመጀመሪያውን ሊትር ደፋሁ፣ ሥራዬን ጀመርኩ። እጄ ምንም አልረሳም። ቢጫው ሲመጣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ፣ ከታች ወደ ላይ መጣ፤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት፣ ጠርዙ አረንጓዴ አለ።

ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከዚያ አይበልጥም፣ በልጦም አያውቅም።

ብልቃጡን፣ ጠርሙሷንና ላቦራቶሪው መደርደሪያ ላይ ያገኘሁትን የፎቶን ብልቃጥ ዳይሬክተሯ ጠረጴዛ ላይ ደረደርኩ። ሁለቱ ብልቃጥ ውስጥ የጨው ውሃ ጠብ አደረግኩ። የእኔ ደፈረሰ፤ ብር ስላለበት። የሱ እንደዚያው ቢጫ ሆኖ ቀረ፤ ብር የለበትማ። ዳይሬክተሯ ሁለቱንም ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስተው አዩ። ከዚያ ሆስፒታል ደወሉ። ፋሻው ወዲያው ተነሳ፣ በእኔው የተነከረው እኩለ ቀን ላይ ደረሰ።

ያዘጋጀሁት ንግግር አላስፈለገኝም። ፎቶ ሲጠራ የገባው ክራባቱን እያስተካከለ ነበር። ፊቱን አየሁት። ያሰብኩትን ያህል ነበር፣ እንዲያውም ይበልጣል።

ቅጽ ሞላሁ። «ጥርጣሬ ያደረብዎት ከመቼ ጀምሮ ነው?» ይላል። ሰኔ 13 ብዬ ጻፍኩ።

ሰኔ 15፣ ረቡዕ

ፎቶ ግምጃ ቤት ድረስ ወረደ። ከተዛወርኩ ወዲህ ውስጥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። የሚቀመጥበት ስላልነበረ ሣጥን ላይ ተቀመጠ።

«ልጅቷ ሁለቴ መጥታ ለምናሻለች» አለኝ።

«መጥታለች።»

«አንድ ቃል ብትነግሪያት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።»

«የማውቀው ሁሉ ደብተሩ ላይ ነው፣ ዶክተር። የጎደለ ካለ ባልደረቦችን ይጠይቁ።»

የጫማውን አቧራ በጣቱ ጠረገ። ከዚያ፣ ቀለሙን እኔ አልጨመርኩም፣ ቢጫ እንዲሆን አድርጊው ነው ያልኳት አለኝ። የእህቱን ልጅ ማለቱ ነው። ገና ምንም ሳልለው እሷን አስረከበኝ።

በሩን ከፈትኩለት። ስሙን መጽሔት ላይ ለማስጻፍ አንድ ደቂቃ ያልፈጀበት ሰው፣ ከሣጥኑ ለመነሳት ብዙ ፈጀበት።

ሰኔ 20፣ ሰኞ

ታገደ። ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሎ የነበረው ትልቅ ምስሉ ወረደ፤ ግድግዳው ላይ ነጣ ያለ አራት ማዕዘን ቀርቷል። ዘበኛው እያየው፣ አሁን ነው በደንብ የወጣው አለ። ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ቁልፌ ተመለሰልኝ። ለመጽሔቱ የማስተካከያ ደብዳቤ ተጽፏል፤ ስሜ መጀመሪያ ይሆናል። ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ይህን ቀን ሃምሳ ጊዜ አስቤዋለሁ፣ ሲመጣ ካሰብኩት አላነሰብኝም።

ልጅቷም ተባረረች። ዕቃዋን በካርቶን ይዛ ስትወጣ ግቢው ውስጥ ተላለፍን። እትዬ፣ ውሃው ነበር አይደል አለችኝ። አዎ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ የከበዳት የሂሳብ ጥያቄ መልስ እንደተነገራት ተማሪ።

የአልጋ አራት ሁለት ጣት ተቆርጧል። የቀኝ እጅ ጠቋሚና መሃል ጣት። ትኩሳቱ ወርዷል፣ ሌላው ድኗል። ፋሻው ሠርቷል ማለት ነው።

ሰኔ 26፣ እሑድ

እህቴ መጣች። ባለፈው እሑድ አልመጣችም ነበር። ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ እንግዳ ይመስል። ሻይ አፈላሁ። ሆስፒታሉ ከእኛ ቤት የመጣውን ሪፖርት ለክፍሉ ነርሶች እንዳነበበላቸው ነገረችኝ።

«ሰኔ 13 ነው ያወቅኩት ብለሻል።»

ሻይዋ ላይ ስኳር ጨመርኩ።

«እታለም፣ እኔ የደወልኩልሽ ሐሙስ ነው። ሐሙስ፣ በምሳ ሰዓት፣ ስለ ኪራዩ።»

አጣራለሁ ብዬሽ ነበር አልኳት። ማስረጃ እያሰባሰብኩ ነበር አልኳት። ሰውየው ምን እንዳደረገኝ ሁሉንም ነገርኳት፣ መጽሔቱን፣ ግምጃ ቤቱን፣ ማይክሮፎኑን። አንዱንም አታውቅም ነበር። ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ለእኔ አለቀሰች፣ እውነቱን ለመናገር ያ ደስ አለኝ። ከዚያ ብርጭቆዋን አጥባ ደፋችና፣ «ፋሻውን አንሺው ብትዪኝ አነሳው ነበር። ለምን አልልሽም ነበር» አለችኝ።

ለማንም እንዳልነገረች፣ ለማንም እንደማትናገር ነገረችኝ። ይህንንም ያለችው በሩ ላይ ቆማ ነው።

ሰኔ 28፣ ማክሰኞ

ሥራ። ሁለት ብልቃጥ። ሁለቱም ቢጫ። ማንም የሚያየው የለም።

ሐምሌ 1፣ ዓርብ

አልጋ አራት ፋሻውን የሠራችውን ሰው ላያት እፈልጋለሁ ብላ እህቴን አስቸግራት ነበር። ሄድኩ።

ጠና ያለች፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ናት። ገና ሳልቀመጥ፣ ቀጠን ያለች ሰው ነበር የጠበቅኩት፣ ሥራሽ ትንንሽ ነገር ነው ስላሉኝ አለችኝ። አልጋ ሦስት ሳቀ። የብሩ ቅንጣት ምን ያህል እንደሚያንስ ጠየቀችኝ። ክር አስቢ አልኳት። የክሩን አንድ ጭረት ወስደሽ ሺህ ቦታ ሰንጥቂው፣ ከዚያም አንዱን ስንጣቂ እንደገና ሰንጥቂው አልኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰነጠቀችው፤ ስትሰነጥቀው አየኋት። እኔም እኮ መብራት ሲጠፋ መርፌ ላይ ክር በዳሰሳ ነበር የማስገባው አለች። ከዚያ የቀኝ እጇን አየች። አሁን ግራው እየተማረ ነው፣ ሰነፍ ተማሪ ነው፣ ግን ሌላ ተማሪ የለኝም አለች።

እህቴ አልጋው ግርጌ ቆማ ፎጣ ታጥፋለች። ቀና አላለችም።

ልነሳ ስል ሴትየዋ በግራ እጇ ክንዴን ያዘችኝ።

«ሐኪሙ አንድ ነገር ነገረኝ። ያንቺው ሁለት ቀን ቀድሞ ቢደርስ ጣቶቼ ይተርፉ ነበር አለኝ። ለሰውየው እንጂ ላንቺ አይደለም የምለው። አንቺማ እንዳወቅሽ ነው የሮጥሽልኝ።»

አውቶቡስ አልያዝኩም። በእግሬ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ ዝናብ እየዘነበ።

ሐምሌ 3፣ እሑድ

ይህን ደብተር ከግንቦት 2 ጀምሮ አነበብኩት።

እህቴ ሐሙስ ትላለች። ሐሙስ አይደለም። ሰኔ 7 ላይ፣ በገዛ እጄ፣ «እንደ ልጆች ሽሮፕ» የሚል ተጽፏል። ፋሻው ገና ከግምጃ ቤቴ አልወጣም ነበር። በማግስቱ ነው የወጣው፣ በእኔ ፊርማ።

ይህን ከዚህ ገጽ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሐምሌ 4፣ ሰኞ

የዳይሬክተሯ ጸሐፊ ቅጹን ማውጣት አልፈለገችም። ተዘግቷል፣ ተልኳል፣ ማኅተም አለበት አለች። ለማረም ነው አልኳት። አምጥታ ፊቴ ቆመች። ሰኔ 13ን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። እስክሪብቶው ለጥቂት ጊዜ ሐሙስ ላይ ቆመ፤ ሐሙስ እህቴን ይበቃት ነበር። ሰኔ 7 ብዬ ጻፍኩ፣ አጠገቡ ፈረምኩ። ከሥሩ ስለ መጀመሪያው ሊትር፣ ስለ ክረምቱ ክሎሪን፣ ልጅቷ ሁለቴ መጥታ እንደጠየቀችኝና ምን እንደመለስኩላት ጨመርኩ።

ጸሐፊዋ አነበበችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይሄ እኮ ሰውየውን ይጠቅመዋል አለችኝ። ጠበቃው ይህን ነው የሚፈልገው አለችኝ።

አውቃለሁ አልኳት። ይቅር አላልኩትም። ይህንንም እዚህ እጽፈዋለሁ፦ ስሙ በተነሳ ቁጥር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ፣ የግድግዳው ባዶ አራት ማዕዘንም ዛሬም ያስደስተኛል። ግን የተቆረጡት ጣቶች የእሱ አልነበሩም።

ዳይሬክተሯ ከሰዓት ይጠሩሻል ተባልኩ። እስከዚያ ድረስ ላቦራቶሪ ወጣሁ። የሥራውን ደብተር ከፍቼ አሠራሩ ከሚጀምርበት በላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ የጎደለውን በትልቁ ጻፍኩ፣ ማንም እንዲያነበው። ከዚያ መሣሪያውን አበራሁ፣ አንድ ሊትር እስኪሞላ ቆሜ ጠበቅኩ፣ ደፋሁት።